ለባለሱቅ የተሰጠ ዱቤ

አዲስ አበባ ውስጥ በዓል መቃረቡን የሚነግርህ የሽንኩርት ዋጋ ነው። ሽንኩርት ሲወደድ፣ እግሯ የታሰረ ዶሮ ከታክሲ ወንበር ሥር ስትንጫጫ፣ ቄጠማ በየመንገዱ ዳር ሲዘረጋ፣ የቀን መቁጠሪያ ሳታይ ታውቀዋለህ። አሜሪካ ውስጥ ግን በዓልን የሚያበስረው ባንክ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ የዛፉ ቅጠል መቅላት እንደጀመረ ኢሜይሉ ይመጣል፦ «ውድ ደንበኛችን፣ በዚህ ሩብ ዓመት ከሚያደርጉት ግዢ 5 በመቶ ይመለስልዎታል። ለማስጀመር እዚህ ይጫኑ።» እንኳን አደረሰዎ የለ፣ ምን የለ። መጫን ብቻ።

መጫኑን ያስተማረኝ የእህቴ ልጅ ነው። እዚሁ ሜሪላንድ ተወልዶ አማርኛውን ከእናቱ ቁጣ የተማረ ልጅ ስለሆነ አንቱታው ጋ አልደረሰም፤ «ጋሼ፣ አክቲቬት አድርገሃል?» ይለኛል። የኪስ ቦርሳው ውስጥ ካርዶቹ ተደርድረዋል። በእያንዳንዱ ጀርባ ላይ ጠባብ ነጭ ፕላስተር ለጥፎ በእስክሪብቶ ጽፎበታል፦ «ነዳጅ»፣ «ሬስቶራንት»፣ «ኦንላይን»። አንዱ ላይ «አይነካም» ይላል። ምንድነው ብዬ ብጠይቀው የመጀመሪያ ካርዱ ነው፤ ዕድሜው ለክሬዲት ታሪኩ ስለሚጠቅም አይዘጋውም፣ ግን አይገዛበትም። እኔ ወደዚህ አገር ስመጣ የትኛውም ባንክ ስላላወቀኝ 200 ዶላር መያዣ አስቀምጬ የ200 ዶላር ካርድ ነበር የተሰጠኝ። የራሴን ገንዘብ ለራሴ አበደሩኝ፤ ያንንም በጊዜው ስከፍል «ታማኝ» ተባልኩ። ልጁ ይህን ሁሉ ሳያይ ነው ካርዱ ላይ ፕላስተር የሚለጥፈው።

«ጋሼ፣ ሂሳቡ ቀላል ነው» አለኝ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ። «በየሦስት ወሩ ምድቡ ይቀየራል። አንዴ ነዳጅ፣ አንዴ ሬስቶራንት፣ አንዴ ሱፐርማርኬት። በዚያ ምድብ እስከ 1,500 ዶላር ለገዛኸው 5 በመቶ፣ ከዚያ ውጭ ላለው 1 በመቶ ታገኛለህ።»

ከ1,500 ላይ 5 በመቶ 75 ዶላር ነው። በዓመት አራት ሩብ አለ፤ 300 ዶላር። ለማንም ሳልናገር በልቤ ወደ ብር መነዘርኩት። ወደ ብር ሲመነዘር ደግሞ የማያምር ነገር የለም።

ለባለቤቴ ስነግራት ሽንኩርት እየላጠች ነበር።

«75 ዶላሩን መቼ ነው የሚሰጡን?»

«ሦስቱ ወር ሲያልቅ።»

«1,500 ካወጣን በኋላ ማለት ነው?»

«አዎ፣ ካወጣን በኋላ።»

ቢላዋውን አስቀመጠች። «እኛ በሦስት ወር ከሱፐርማርኬት የ1,500 ዶላር ዕቃ እንገዛለን እንዴ?»

አንገዛም ነበር። ነገሩ የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። በፈረንጆቹ አቆጣጠር በሴፕቴምበር 1958 ባንክ ኦፍ አሜሪካ ፍሬስኖ ለምትባል የካሊፎርኒያ ከተማ 60,000 ነዋሪዎች፣ አንዳቸውም ሳይጠይቁ፣ ካርድ በፖስታ ላከላቸው። ሰው ጠዋት ፖስታውን ሲከፍት ብድር አገኘ። ባንኩ መጀመሪያ ላይ ብዙ ከሰረበት፤ ላልጠየቀ ሰው ካርድ መላክንም በ1970 ሕግ ከለከለው። ወጪው እንጂ ከወጪው የሚመለሰው፣ ካሽባክ የሚሉት፣ ገና አልመጣም ነበር። እሱን በሰፊው ያስተዋወቀው ሲርስ የተባለው ግዙፍ መደብር ነው። ዲስከቨር የተባለው የሲርስ ካርድ በሴፕቴምበር 1985 አትላንታ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሞከር የተገዛበት ዕቃ 26 ዶላር ከ77 ሳንቲም ነበር። በጃንዋሪ 1986 በሱፐር ቦውል የአሜሪካ እግር ኳስ ጨዋታ መሐል ለአገሩ ሁሉ ተነገረ፦ ዓመታዊ ክፍያ የለም፣ ከገዛችሁት ላይ እስከ 1 በመቶ ይመለስላችኋል። ያኔ ሰው በ1 በመቶ ተደነቀ። ዛሬ የእህቴ ልጅ 1 በመቶ የሚከፍል ካርድ ሲያይ ፊቱን ያዞራል።

ወደ እኛ ቤት ስንመለስ፣ አንደኛው እክል የቀን መቁጠሪያ ነው። የካርዱ የመጨረሻ ሩብ ዓመት ከኦክቶበር 1 እስከ ዲሴምበር 31 ነው። ይህ ለእነሱ በዓል የተሰፋ ነው። ታንክስጊቪንግ የሚሉት የምስጋና በዓላቸው የኖቬምበር አራተኛው ሐሙስ ስለሆነ ከ22 እስከ 28 ባለው ይውላል። የእኛ ጾመ ነቢያት ደግሞ ህዳር 15፣ በእነሱ ኖቬምበር 24 ወይም 25 ይገባል። ስለዚህ በአብዛኛው ዓመት ተርኪው ምድጃ ውስጥ ሲያብረቀርቅ እኛ ሽሮ ላይ ነን። ቀጥሎ ገና ታኅሣሥ 29 ይመጣል፤ ጃንዋሪ 7 ማለት ነው። ሩብ ዓመቱ ከተዘጋ ሳምንት ሆኖታል። ጎረቤቶቼ የገና ዛፋቸውን ከነእርጥብ መርፌ ቅጠሉ መንገድ ዳር ጥለው የቆሻሻ መኪና ሲጠብቁ ነው እኔ ዶሮ ልገዛ የምወጣው። ቅናሹም የለ፣ 5 በመቶውም የለ።

ሁለተኛው እክል ያቺ 1,500 ናት። ያልሞላ ጣሪያ ሰላም ይነሳል። በዚያ ሰሞን ከካርዶቼ አንዱ ሱፐርማርኬት፣ ሌላው የኢንተርኔት ግዢ ላይ 5 በመቶ ይሰጥ ነበር። ጥቁሩ ዓርብ የሚሉት የቅናሽ ቀን ሲመጣ ቅናሽ ላይ ቅናሽ ተደረበና ለእናቴ የኤሌክትሪክ መፍጫ አዘዝኩ። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት፣ የኢትዮጵያ 220 መሆኑን ያነሳው ዕቃውን ይዞ የሚሄደው የባለቤቴ ዘመድ ነው። «እንዲሁ ከተሰካ አንዴ ይፈጫል፣ ሁለተኛ ግን ይጨሳል» አለኝ። መፍትሔው ትራንስፎርመር ነበር፤ እሱም በኢንተርኔት ይሸጣል፣ እሱም 5 በመቶ ይመለስበታል። ሲመጣ ከመፍጫው ይከብዳል።

ደለስ ኤርፖርት የሄደ አበሻ ሁሉ የቀረውን ያውቀዋል። ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። ሚዛኑ ላይ ቁጥሩ እየዘለለ ሄዶ ከማይገባው ቦታ ላይ ቆመ። ሻንጣዎቹ መሬት ላይ ተከፈቱ። ከጫማ ሥር፣ ከሕፃናት ወተት ጣሳ መሐል፣ በሹራብ ተጠቅልሎ ትራንስፎርመሩ ወጣ። ዘመዳችን በሁለት እጁ አቅፎት አየኝ፤ ከኋላው የተሰለፈውም አየኝ። ለትርፍ ኪሎ የሚጠየቀው ገንዘብ የዓመቱን ካሽባክ ጠራርጎ የሚወስድ ስለነበረ ትራንስፎርመሩን ተቀብዬ ወደ መኪናዬ ሄድኩ። መፍጫው ብቻውን አገር ገባ። እናቴ ዳንቴል አልብሳ ቡፌ ላይ አስቀምጣዋለች፤ እንግዳ ሲመጣ «ልጄ የላከልኝ» ትላለች፣ ማንም አይሰካውም። ትራንስፎርመሩን ለሻጩ ስመልስ ካሽባኩም አብሮ ተመለሰ፤ ባንኩ በየወሩ የሚልከው ስቴትመንት ላይ የመቀነስ ምልክት ይዞ መጣ። የሰጡህን ሲወስዱ አንዲት ሳንቲም አይሳሳቱም።

በዚያው ሰሞን አንድ ወዳጄም ጉድ ሆኖ ነበር። ለበዓል ወደ አገር ቤት የሚልከውን ገንዘብ በክሬዲት ካርድ ከፈለ፤ ቢያንስ 1 በመቶ ይመለስልኛል ብሎ። ብዙ ባንኮች ገንዘብ ማስተላለፍን እንደ ግዢ አይቆጥሩትም፤ ጥሬ ገንዘብ እንደተበደርክ ነው የሚያዩት። ካሽባክ የለውም፣ የራሱ ክፍያ አለው፣ ወለዱም የወሩ መጨረሻ ሳይጠበቅ ከዕለቱ ጀምሮ ይቆጥራል። እናቱ በግ አረዱ፣ እሱ እስከ ጥምቀት ወለድ ከፈለ።

እኔ ግን ገና ተስፋ አልቆረጥኩም። የሱፐርማርኬቱ ምድብ ዲሴምበር 31 ይዘጋል፤ የገና ወጪያችን ከዚያ በኋላ ነው። ታዲያ ለምን አስቀድሜ አልከፍልም?

የምንገበያይበት የአበሻ ሱቅ ጠባብ ናት። ከፊት ለፊት እንጀራ በላስቲክ፣ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ጧፍና ዕጣን አለ። ከኋላ ሥጋ ቤት አለ፤ ሥጋ ቤቱ አጠገብ ደግሞ ዓርብና ረቡዕ ካልሆነ የማይጠፋ ሰው የሚቀመጥባቸው ጠረጴዛዎች አሉ። ግድግዳው ላይ «ከ10 ዶላር በታች ካርድ አንቀበልም» የሚል በእጅ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል።

«እትዬ» አልኳቸው ባለሱቋን፣ «የገናውን ዛሬ ልክፈልዎትና ዕቃውን በዋዜማው ልውሰድ።»

«ምነው፣ አገር ልትገባ ነው?»

«አይ፣ ካርዱ ነው። እስከ ዲሴምበር 31 ከከፈልኩ ባንኩ 5 በመቶ ይመልስልኛል።»

«እኔ ዶሮ ሸጬልህ ባንኩ ምን አግብቶት ነው የሚመልስልህ?»

ለማስረዳት ሞከርኩ። ሰምተው ሰምተው ከባንኮኒው ሥር የዱቤ ደብተራቸውን አወጡ፤ ጠርዙ በቅቤ የወዛ፣ ካሬ መስመር ያለው ደብተር። ከፊት ያሉት ገጾች በባለዕዳዎች ስም ስለተያዙ ገልብጠው ከመጨረሻው ጀመሩ። «በዱቤ የሚወስድ እንጂ ዱቤ የሚሰጠኝ ሰው ዛሬ አየሁ» እያሉ ጻፉ፦ ዶሮ 3፣ በ12 በ12 ብልት የተገነጠለ። ንጥር ቅቤ። በርበሬ። እንቁላል። የክትፎ ሥጋ። እንጀራ። ድምሩ 400 ዶላር ሆነ። ካርዴን አስገባሁ፣ ማሽኑ ጮኸ፣ እኔም በልቤ 20 ዶላሬን ተቀበልኩ።

በዋዜማው ዕቃው ሳይጎድል ተሰጠኝ፤ ዶሮውም ጥሩ ዶሮ ነበር። ስቴትመንቱ ሲመጣ ግን ከ400ው ትይዩ የተጻፈው 4 ዶላር ነው።

ለባንኩ ደወልኩ። ሙዚቃው አለቀ፣ እንደገና ጀመረ፣ አለቀ። በመጨረሻ አንዲት ትሁት ሴት መለሰችልኝ።

«ግዢዎ የተመዘገበው ምግብ ቤት ተብሎ ነው» አለችኝ።

«እኔ እዚያ አልበላሁም። ጥሬ ዶሮና እንጀራ ገዝቼ ወደ ቤቴ ነው የሄድኩት።»

«እንጀራ ምንድነው?»

«ምግብ ነው።»

«እንግዲያው ምግብ ቤት መባሉ ትክክል ነው» አለችኝ፣ በፍጹም ቅንነት።

የእህቴ ልጅ ነው ሚስጥሩን የፈታልኝ። ማንኛውም ነጋዴ ካርድ መቀበል ሲጀምር ባለ4 አሃዝ ኮድ ይሰጠዋል። 5411 ሱፐርማርኬት ነው። 5812 ምግብ ቤት። 5542 ከማደያው ማሽን ላይ ካርድ አስገብተህ የምትቀዳው ነዳጅ። 5300 አባል ሆነህ በጅምላ የምትገዛበት ክለብ። ባንኩ የገዛኸውን ዕቃ አያይም፤ የገዛህበትን ኮድ ነው የሚያየው። ምግብ ቤት ውስጥ ሳሙና ብትገዛ ምሳ ነው፣ ማደያ ውስጥ ዳቦ ብትገዛ ነዳጅ ሊሆን ይችላል። የጅምላ ክለብ ሄደህ የወር አስቤዛህን በጋሪ ብትገፋም ለሱፐርማርኬቱ ምድብ አይቆጠርልህም። የእትዬ ሱቅም የተከፈተ ዕለት፣ ማሽኑን ያስገባው ሰው ጠረጴዛዎቹን አይቶ ይሆናል፣ 5812 ብሎ ሄደ። በርበሬውና ጧፉ ሁሉ ከዚያ ጀምሮ በምግብ ቤት ስም ይሸጣል።

ስቴትመንቴን ይዤ ሱቅ ሄድኩ። ሥጋ እየቆረጡ ነበር።

«እትዬ፣ እርስዎ ምግብ ቤት ነዎት ተብለዋል።»

«ማነው ያለው?»

«ማሽኑ።»

እጃቸውን በሽርጣቸው ጠርገው እሳቸውም የራሳቸውን ስቴትመንት አወጡ፤ የማሽኑ ድርጅት በየወሩ የሚልክላቸውን። በጣታቸው ወደ ታች እየተከተሉ አሳዩኝ። ከእያንዳንዱ ሽያጭ ሁለት ከምናምን በመቶ፣ በላዩ ላይ ጥቂት ሳንቲም። ከ100 ዶላር ሽያጭ ላይ ወደ 3 ዶላር የሚጠጋ ይሄዳል። ትንሽ ሽያጭ ላይ ሳንቲሞቹ ስለሚጎዱ ነው የ10 ዶላሩ ወረቀት ግድግዳ ላይ የተለጠፈው፤ ነጋዴ ለክሬዲት ካርድ እስከ 10 ዶላር ዝቅተኛ ወለል እንዲያወጣ ሕግ የፈቀደው በ2010 ነው።

«አንተ ባንኩ መለሰልኝ የምትለው» አሉኝ፣ «ከየት አምጥቶ ይመስልሃል?»

መልሱ ከሁለት ቦታ ነው። አንዱ ከእሳቸው ነው። ሌላው ዕዳውን በወሩ ጨርሶ ከማይከፍለው ሰው ነው፤ ከ2023 ወዲህ የካርድ ወለድ በአማካይ ከ20 በመቶ በላይ ሆኗል። አንድ ወር ዕዳውን ያሳደረ ሰው የእኔን 5 በመቶ ይከፍላል፤ እኔም አንድ ወር ባሳድር የሌላ ሰው እከፍላለሁ። በጥሬ ገንዘብ የሚገዛው አዛውንት ደግሞ ከእኔ እኩል ዋጋ ከፍሎ ምንም ሳይመለስለት ይሄዳል። የአሜሪካ ግብር መሥሪያ ቤት እንኳ ካሽባክን ገቢ አይለውም፤ የዋጋ ቅናሽ ነው ብሎ ግብር አይጠይቅበትም። ይህን ለባለቤቴ እንደ ምሥራች ብነግራት «መንግሥት ገቢ አይደለም ያለውን አንተ ምነው ደሞዝ አደረግከው?» አለችኝ።

መርካቶ ውስጥ ሽንኩርት መዝና ከጨረሰች በኋላ «ምራቂ ጨምሪልኝ» ስትላት አንድ ሁለት ራስ ከላይ የምትጥልልህ ሴት አለች። ምራቂው ከራሷ ክምር ነው የሚወጣው፤ አንተም ታያለህ፣ እሷም ታያለች፣ ነገም እሷ ጋ ነው የምትሄደው። ባንኩ የሚሰጠኝ ምራቂ ግን ከእትዬ ክምር ላይ ተነስቶ በባንኩ ስም ነው የሚመጣልኝ። ምስጋናውን የሚወስደው ክምር የሌለው ነው።

መልሱን ከነገርኳቸው በኋላ ባለሱቋ ሁለት ነገር አደረጉ። አንደኛ፣ ግድግዳው ላይ ሌላ ወረቀት ለጠፉ፦ «በጥሬ ገንዘብ ለሚገዛ 3 በመቶ ቅናሽ አለ።» ሁለተኛ፣ ልጃቸው ለማሽኑ ድርጅት እንዲደውል አደረጉ፤ ከሽያጫቸው አብዛኛው የሚወሰድ ዕቃ ነው፣ ኮዱ ይስተካከል ብሎ። ቅጽ ተሞላ፣ የሱቁ ፎቶ ተላከ፣ አንድ ሰው መጥቶ ጠረጴዛዎቹን ቆጠረ፣ ክረምቱ አለፈ። የእህቴ ልጅ ጉዳዩን የራሱ አድርጎ ይከታተል ነበር፤ ከኮሌጅ እየደወለ «ጋሼ፣ ኮዱስ?» ይለኛል። ለሠርጉ እንኳ እንዲህ የሚጨነቅ አይመስለኝም።

እኔ በበኩሌ ከካርዶቹ አንዱን ብቻ አስቀረሁ፤ ዕዳው በየወሩ ከባንክ ሂሳቤ ሙሉ በሙሉ እንዲከፈል አዘዝኩ። ባለቤቴ የምትጽፈውን አስቤዛ ይዤ እወጣለሁ፤ ወረቀቱ ላይ የሌለ ነገር 5 በመቶ ቢመለስበትም 95 በመቶው የእኔ ነው የሚሄደው። በዚህ መንገድ የሚመለሰው ትንሽ ነው፤ ግን መፍጫ ወደ ቡፌ አይልክም። አበሻ ሱቅ ደግሞ በጥሬ ገንዘብ እከፍላለሁ። የ3 በመቶው ቅናሽ እዚያው በእጄ ይሰጠኛል፤ እትዬም ለማሽኑ አይከፍሉም።

ዐቢይ ጾም ሲጋመስ የማሽኑ ድርጅት ደብዳቤ መጣ። ሱቁ በይፋ ሱፐርማርኬት ሆነ። 5411። እትዬ ደብዳቤውን ከንግድ ፈቃዳቸው አጠገብ ሰቀሉት፤ የእህቴ ልጅም ለፋሲካ ከነጓደኞቹ መጥቶ የሦስት ወር ወጪውን እዚያ እንደሚጨርስ ቃል ገባ።

ሳምንት ሳይሞላ ደወለልኝ። ድምፁ ልክ አልነበረም።

«ጋሼ፣ የሚቀጥለው ሩብ ዓመት ምድብ ወጣ።»

«እና?»

«ሬስቶራንት ነው።» ትንሽ ዝም አለና፣ «እትዬን ኮዱን እንዲመልሱት ብትጠይቃቸውስ?»

«ራስህ ሄደህ ጠይቃቸው» አልኩት፣ «ግን ሥጋ በሚቆርጡበት ሰዓት እንዳይሆን።»